በቃል የታዘዘ በደል



ዛሬ የምናገረው በገጠር የመንግሥት ሹም ስለሚበድላቸው ሰዎችና ፍትሕ ስለሚፈልጉበት መንገድ ነው። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንለው የታወቀ ነው፤ ሕጉ መልካም ነው፣ አስፈጻሚው ግን ጠፋ እንላለን። ይህ አባባል እውነት አለው፤ ሆኖም አስፈጻሚው ለምን እንደሚጠፋ አይነግረንም። እኔ ዛሬ አንዱን ምክንያት ብቻ ይዤ እስከ ሥሩ ልከተለው እፈልጋለሁ።

የገጠር በደል በአብዛኛው የሚታዘዘው በቃል ነው። ሚሊሻው መጥቶ "ሊቀ መንበሩ ይፈልግሃል" ይላል፤ መጥሪያ አያሳይም። ገበሬው ከአውድማው ተነሥቶ ይከተለዋል፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ሁለት ሌሊት ያድራል፤ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ የሚናገር መዝገብ የለም። በሬው ለማዳበሪያ ዕዳ ተብሎ ይነዳል፤ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ማሳው በገመድ ተለክቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዟል ቢባልም አላየውም። ከዚህ በኋላ ሰውየው እህል ሸጦ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ወረዳ ከተማ ገብቶ "ተበደልሁ" ሲል የመጀመሪያው ጠረጴዛ የሚጠይቀው "ማስረጃህ የታለ?" ብሎ ነው። በቃል የተበደለው ሰው በጽሑፍ አስረዳ ይባላል። ጽሑፍ የሚችለው፣ ማኅተሙ ያለው፣ ጸሐፊ የተቀጠረለት ሹም ምንም ሳይጽፍ፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንዲጽፍ ይጠበቃል። ፍትሕ በመንገድ ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የቀበሌን ሥልጣን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ከገባሩ ጫንቃ ላይ ወረዱ። ለብዙ ሚሊዮን ሰው ይህ የዕድሜ ልክ እፎይታ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በቦታቸው ግን ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ማኅበሩ መሬት እንዲያከፋፍል ሥልጣን ተሰጠው፤ የፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ የታጠቀ ጥበቃ ተጨመረለት። መሬት የሚሰጠው፣ የሚፈርደውና ጠብመንጃ የያዘው በአንድ ቤት ተሰበሰቡ። ሥርዓቶች ተለዋወጡ፣ ስሞች ተለዋወጡ፤ ይህ መሰብሰብ ግን በመሠረቱ አልተበተነም።

ዛሬ አንድ አርሶ አደር ከቀበሌው ምን ምን እንደሚፈልግ ቁጠሩት። የመታወቂያ ወረቀት፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ለውጥ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ድልድል፣ ድርቅ ባለበት አካባቢ ደግሞ በሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ መግባት፣ ለልጁ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ የሚሆን የድጋፍ ደብዳቤ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። ስለዚህ አቤቱታ ያቀረበን ሰው ለመቅጣት ዱላ ማንሣት አያስፈልግም። ስሙን ከዝርዝር መዝለል ይበቃል። ማዳበሪያው ሲመጣ "አልቋል" ይባላል፤ ደብዳቤ ሲጠይቅ "ጸሐፊው የለም፣ ሰኞ ና" ይባላል። እንዲህ ያለው ቂም በቀል ቁስል አያሳይም፤ ምስክርም የለውም፤ ምክንያቱም ያልተደረገን ነገር ማን አየሁ ይላል? የሰብአዊ መብት ጽሑፎች ስለ ድብደባና ስለ እስር ብዙ ይላሉ። ስለዚህ ዝምተኛ ቅጣት ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ሰውን ከአቤቱታ የሚያስቀረው ደግሞ ከሁሉም በላይ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕጉን ስንመረምር በብዙ ቦታ ለተበዳዩ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን።

አባቶቻችን "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን አባባል በአንድ በኩል አጸናው፤ በቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት ኃላፊነት ሊከሰሱ እንደማይችሉ ደነገገ። በየአካባቢው ያለውን ሹም ግን አልማረውም። ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት መካስ አለበት ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ዞሮ ሹሙን ይጠይቃል። ጥፋቱ የግል ከሆነ መንግሥት አይከፍልም። የሥራ ጥፋት የሚባለው ደግሞ፣ በቁጥር 2127 መሠረት፣ ሹሙ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሚሠራ መስሎት በቅን ልቦና የፈጸመው ነው። ይህ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የወረዳ አስተዳደርን በቁጥር 2126 ከስሶ ካሣ ማግኘት እንደሚቻል የሚያውቅ ገበሬ ግን ከስንት አንድ ነው፤ የሚነግረውም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ካሣውም በዚያው ልክ ይራዘማል። ሁለት ዓመት ለከተማ ሰው ረጅም ሊመስል ይችላል። ገበሬው ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ይልካል፣ ቀጥሎ ለቀበሌው ያመለክታል፣ ቀጥሎ ለወረዳው፤ በመካከሉ ክረምት ይገባል፣ ወንዝ ይሞላል፣ አዝመራ ይደርሳል። "እንመልስልሃለን፣ ታገሥ" እየተባለ ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ከዚያ ፍርድ ቤት ሲደርስ በይርጋ ታግዷል ይባላል። ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው መብቱን እንደተወ ይቆጠርበታል።

ሕገ መንግሥቱን እንመልከት። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። የጉዞውን ነገር የጻፉት ሰዎች ስለ ገጠሩ አስበው ነው፤ ከቆላ ቀበሌ እስከ ወረዳ ከተማ አንድ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ስንት አለ! ዳሩ ግን 48 ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የተያዘበት ሰዓት ሲታወቅ ነው። ሰዓቱ ካልተጻፈ መቁጠሪያው የት ይነሣል? ሚሊሻው "ትናንት ማታ ነው የያዝነው" ሲል፣ ሚስቱ "ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው" ስትል፣ ዳኛው በሁለት ቃል መካከል ይቀመጣል። መዝገብ ያልያዘው አካል ባለመያዙ ተጠቃሚ ይሆናል። በእኔ እምነት የተያዘበትን ሰዓት ማሳየት ያልቻለ ያዥ አካል የታሣሪውን ቤተሰብ ቃል እንደ ተቀበለ መቆጠር አለበት፤ ዳኞቻችንም ይህን መንገድ ቢከተሉ ከሕገ መንግሥቱ መንፈስ አይወጡም።

ከዚሁ አንቀጽ ሳንወጣ፣ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ታሣሪ ወይም ስለ እሱ የሚያመለክት ሰው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ አሠራሩን አስቀምጧል፤ አመልካቹ በመሐላ ቃል ማን እንደያዘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው፣ እነማን እንደሚያውቁ ይገልጻል፤ ፍርድ ቤቱም ያዡ አካል ታሣሪውን ይዞ ቀርቦ የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዝዛል። ሚስት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ይህን ማድረግ ይችላሉ። በከተማ የታሰረ ፖለቲከኛ ወይም ጋዜጠኛ ሲሆን ጠበቆች ይህን መንገድ ይጠቀሙበታል። በቀበሌ ክፍል ስለታሰረ ገበሬ ግን ማን ነው የሚሄደው?

በወንጀል በኩልም ድንጋጌው አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰውን የያዘ ወይም ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። አንቀጽ 424 ደግሞ የተያዘን ሰው የሚደበድበውን፣ የሚያስፈራራውን፣ ሰብአዊ ክብሩን የሚያዋርደውን ይመለከታል፤ ድርጊቱን ያዘዘውም ባለሥልጣን ተጠያቂ ነው። ያዘዘው ተጠያቂ ነው የሚለው ቃል ለዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሹሙ በቃል የሚያዝዘው ይህን በማወቅ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሚሊሻው ብቻውን ይቆማል። እሱም ብዙውን ጊዜ የዚያው መንደር ድሀ ልጅ ነው።

ከማስረጃዎች ሁሉ በፍጥነት የሚጠፋው የአካል ጉዳት ነው። እብጠት በሳምንት ይሟሽሻል። ጤና ጣቢያ የሄደ ተደብዳቢ ብዙ ጊዜ የሚሰማው "ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ" የሚል መልስ ነው። የደበደበው ፖሊስ ወይም ከፖሊስ ጋር ውሎ የሚያድር ሚሊሻ ከሆነ ደብዳቤው ከየት ይመጣል? የጤና ባለሙያ ሕመምተኛን ለማከምና ያየውን በካርዱ ላይ በትክክል ለማስፈር የማንንም ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም። ካርዱ ላይ የሰፈረው ቀን፣ የቁስሉ ቦታና መጠን ከወራት በኋላ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰነድ ይሆናል። በዚህ አዳራሽ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ካላችሁ ይህን ለእናንተ በተለይ እላለሁ፤ ተደፍራ ለመጣች ሴት ወይም ልጅ ደግሞ ነገሩ በሳምንት ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ሌላው ወጥመድ የድህነት ማረጋገጫው ነው። የፍርድ ቤት ዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድህነት ክስ እንዲመሠርት ሕጉ ይፈቅዳል። ድሀ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ግን በተግባር ያው ቀበሌ ነው። ሊከሰው ከሚሄደው ጽሕፈት ቤት "ይህ ሰው ድሀ ነው፣ እንዲከስሰኝ ይፈቀድለት" የሚል ወረቀት ለምኖ ማምጣት አለበት። ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዝዛል፤ ይህ ተገቢ ነው። ለድሀ ከሳሽ ግን ተመሳሳይ መብት አልተጻፈለትም። ስለሆነም በነጻ የሚሠሩት የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሕግ ድጋፍ ማእከላት ለገጠሩ ሰው ትልቅ ተስፋ ናቸው። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ከተማ ውስጥ መሆናቸው ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተበዳዩ ጽሑፍ ይዞ መምጣት እንዳለበት የሚያስመስል ነው። አሁን ግን እጅግ የተረሳ አንድ ድንጋጌ ላንሣ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 14፣ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበለት ባለሥልጣን አቤቱታውን ራሱ በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ ጽፎ ሲጨርስ ለአቅራቢው እንዲያነብለትና አቅራቢው ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት ያዝዛል። የመጻፍ ግዴታው የፖሊሱ ነው! ማንበብ የማይችል ሰው ቃሉን ይናገራል፤ መንግሥት ይጽፍለታል፤ ያነብለታል፤ እሱም በአውራ ጣቱ ያጸናል። ይህን የጻፉት ሰዎች የአገራቸውን ሕዝብ ያውቁ ነበር። በየፖሊስ ጣቢያው የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ "ማመልከቻ አጽፈህ ና" ይባላል፤ ሰውየው ከበር ወጥቶ ለራፖር ጸሐፊ ይከፍላል። ክሱ በሹም ላይ ከሆነማ "ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ ወረዳ ሂድ" ተብሎ ይሸኛል፤ መምጣቱ እንኳ አይመዘገብም። ለገጠር ፍትሕ አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ አዲስ አዋጅ አልጠይቅም፤ ይህ ቁጥር 14 በየጣቢያው ይፈጸም እላለሁ። አቤት ያለ ሰው ሁሉ ቃሉ ተጽፎ፣ ተነብቦለት፣ የመዝገብ ቁጥር ይዞ ይውጣ።

ጽሑፍ ይህን ያህል ለምን እንደሚከብድ ከሌሎች አገሮች የደረሰን ትምህርት አለ። በጎረቤታችን ኬንያ፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በማው ማው ዐመፅ ጊዜ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ የገጠር ሰዎች በእስር ካምፖች ተሠቃይተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1959 በሆላ ካምፕ 11 እስረኞች ተደብድበው ሲሞቱ የመጀመሪያው የመንግሥት መግለጫ ሰዎቹ ውኃ ጠጥተው እንደሞቱ የሚያስመስል ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ በሕይወት የተረፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለንደን ላይ ክስ መሠረቱ። የእንግሊዝ መንግሥት ጊዜው አልፏል ብሎ ተከራከረ። በክሱ ሂደት ግን ከቅኝ ግዛቶች ተጭነው ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል ግቢ ተደብቀው የኖሩ ሰነዶች መኖራቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ዳኛው ክሱ መታየት ይችላል ሲሉ፣ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ የሰነዱ ብዛት ነበር፤ ይህን ያህል ጽሑፍ እያለ ፍትሐዊ ክርክር አይቻልም ማለት አይቻልም አሉ። በሰኔ 2013 እንግሊዝ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች። የበዳዮቹ የራሳቸው ወረቀት መሰከረባቸው።

በጓቲማላ የሆነው ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ሴፑር ዛርኮ በምትባል የገጠር መንደር የቀክቺ ሕዝብ የሆኑ ገበሬዎች የመሬታቸውን ሕጋዊ ማረጋገጫ ይጠይቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ወታደሮች ባሎቹን ወሰዷቸው፤ ሚስቶቹን በጦር ሰፈሩ በባርነት አሠሯቸው፣ ደፈሯቸው። የትእዛዝ ወረቀት በሴቶቹ እጅ አልነበረም። የነበራቸው ቃላቸው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ዳኛ የ15 ሴቶችን ምስክርነት ክሱ ገና ለፍርድ ሳይቀርብ በፊት ሰማ፤ በምስልና በድምፅም ተቀረጸ። ሴቶቹ አርጅተው ነበር፤ ዋናው ችሎት እስኪደርስ የሚሞት ሊኖር ይችላል። በየካቲት 2016 ፍርድ ሲሰጥ ያ ቅጂ በችሎት ታይቶ ነበር። አንድ የጦር መኮንን 120 ዓመት፣ አንድ የወታደራዊ አስተዳደር ተጠሪ የነበረ ሰው 240 ዓመት ተፈረደባቸው። የቃል ምስክርነት በጊዜ ከተያዘ የወረቀትን ያህል እንደሚቆም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ፣ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተው ክስ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ አገኘ፤ 12 ዓመት ፈጀ። ዐቃቤ ሕግን ከረዱት ነገሮች አንዱ ደርግ ጽሕፈት የሚወድ መንግሥት መሆኑ ነበር፤ ግድያው እንኳ በደብዳቤ ቁጥር ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በኔዘርላንድ የሔግ ፍርድ ቤት በጎጃም የደርግ ተጠሪ በነበሩት በእሸቱ ዓለሙ ላይ የዕድሜ ልክ እሥራት ሲፈርድ፣ በ1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ስለተገደሉ 75 እስረኞች ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል የእሸቱ ፊርማ ያረፈባቸው ሰነዶች ይገኙ ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን በየገበሬ ማኅበሩ በቃል ታዝዘው የተፈጸሙ በደሎችስ? ማኅደር የሌላቸው ናቸው። በክፍለ ሀገርና ከዚያ በላይ ያለው ተጻፈ፤ ከዚያ በታች ያለው ከባለቤቶቹ ጋር ተቀበረ።

ቅርብ ጊዜ የሆነውን ደግሞ እዩ። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሸዋ ዞን ፈንታሌ ወረዳ አባ ገዳቸውን ጨምሮ 14 የከረዩ ሰዎች ተገደሉ። አርብቶ አደሮች ናቸው። ከክልሉ በኩል በመጀመሪያ የተነገረው ገዳዮቹ ታጣቂዎች ናቸው የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መርምሮ በጥር ወር መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ግን ሰዎቹ በመንግሥት የጸጥታ አባላት ከፍርድ ውጭ መገደላቸውን ገለጸ። ሪፖርት ፍርድ አይደለም፤ ማንንም አያስርም። ግን የመጀመሪያው መግለጫ ብቻውን በታሪክ እንዳይቀር አድርጓል። ይህ ሊሆን የቻለው የተረፉ ሰዎችና ቤተሰቦች ለመርማሪ ቃላቸውን ስለሰጡ ነው። ኮሚሽኑም ሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በ1992 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 210 እና 211 የተቋቋሙ ናቸው፤ አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ይቀበላሉ፣ ክፍያ አይጠይቁም።

ምስክር መሆን በመንደር ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከባድ ወንጀሎችን ይመለከታል፤ ከጥበቃ ዓይነቶቹ አንዱ የመኖሪያ ቦታ መቀየር ነው። ገበሬ መሬቱን ይዞ አይሰደድም። ጥሎት ቢሄድ ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት ጦም ያደረ መሬት ከባለይዞታው ሊወሰድ እንደሚችል የክልል የመሬት ሕጎች ይደነግጋሉ። ስለዚህ ለገጠር ምስክር የሚጠቅመው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በቡድን ወይም በማኅበራቸው በኩል ፍትሕ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። አርባ አባወራ በአንድ ማመልከቻ ሲፈርም ከማዳበሪያ ዝርዝር ማንን ይዘልላሉ? በየቦታው ግን የጋራ ማመልከቻ እንደ አድማ ይታያል፤ "ማን አስተባበራችሁ?" የሚለው ጥያቄ "ምን ደረሰባችሁ?" የሚለውን ይቀድመዋል። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የወረዳ ኃላፊ የሕገ መንግሥት መብት እየነካ መሆኑን ሊነገረው ይገባል።

ስለ ሽምግልናም ግልጽ ልሁን። ሽምግልና ደም ያደረቀ፣ መንደር ያቆየ ትልቅ ሀብታችን ነው። ባልና ሚስትን፣ ወሰንተኛን፣ ባለደምን ያስታርቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚያነሣው ስለ ግልና ስለ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ጠብመንጃ የያዘ ሹምና የተደበደበ ገበሬ ግን እኩል ሆነው ሽማግሌ ፊት አይቀመጡም። ተበዳዩ ይቅር ያለ እንደሆነ ይቅርታው የእሱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። መንግሥት በሰጠው ሥልጣን የተፈጸመው ወንጀል ግን የሽማግሌዎቹ አይደለም። ክሱን ማንሣት የእርቁ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ ሲቀርብ ካህናቱና ሼሆቹ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው "ይህ የእኛ አይደለም" ቢሉ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መንግሥት ምን ያድርግ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ተቋም ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱ እንዲገለጽ፣ ቅር የተሰኘም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፍቷል። አዋጁ ግን የፌዴራል ነው፤ ገበሬው በየቀኑ የሚገናኘውን የክልሉን ወረዳና ቀበሌ አይዝም። ያው ግዴታ በክልል ሕግ ወደ ቀበሌ ይውረድ። መሬት የሚነጥቅ፣ ንብረት የሚይዝ፣ ሰው የሚያስር ማናቸውም ትእዛዝ ካልተጻፈ እንዳልታዘዘ ይቆጠር። ይህ ለሹሙም ይጠቅመዋል። የቀበሌ ሊቀ መንበር ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የሌለው፣ ራሱም አራሽ የሆነ ሰው ነው፤ ከላይ በስልክ "ይህን ዕዳ በሳምንት ሰብስብ" ይባላል፤ ሲጋጭ ያዘዘው ይክዳል። ትእዛዙ በጽሑፍ ቢመጣለት እሱም የሚያሳየው ይኖረዋል፤ ተጠያቂነቱም ወዳዘዘው ይወጣል።

እኛስ? በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ብዙዎቻችን ገጠር ዘመድ አለን። በበዓል ስትሄዱ የሆነውን ጠይቁና ጻፉ። የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱ ጥዋት ይሁን ማታ፣ ቦታውን፣ ማን እንዳደረገውና ማን አዘዘኝ እንዳለ፣ በአካባቢው የነበሩትን ሰዎች፣ የተወሰደውን ንብረት ዓይነትና ልክ አስፍሩ። ተናጋሪው ያላየውን እንዳየ አታድርጉ፤ "ሰማሁ" ያለውን "ሰማሁ" ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ የተጋነነ ቃል እውነተኛውን ሁሉ ያስጠረጥራል። አንብቡለት፣ ያስተካክል፣ ይፈርም። አንዱን ቅጂ ለእሱ ተዉለት፤ ሌላውን ከመንደሩ ውጭ አስቀምጡ፤ ስሙን ያለ ፈቃዱ ለማንም አትስጡ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አትለጥፉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሆነ ወደ ሕግ ድጋፍ ማእከል ውሰዱት። ሁለት ዓመት ካለፈውም አትተዉት፤ የካሣው በር ቢጠብም የወንጀሉ ይርጋ እንደ ድርጊቱ ክብደት ይረዝማል፤ በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን ጨምሮ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ይርጋ የላቸውም፤ በምሕረትም አይታለፉም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እውነት የሚያፈላልግ ኮሚሽን፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት ያስባል፤ እነዚህ አካላት ሥራ ሲጀምሩ ከየመንደሩ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ይኸው በእናንተ እጅ የተጻፈው ቃል ነው።